አማቴና የወገቤ ስፖርት

ወገቡን ያመመው ወንድ እንዴት እንዳመመው ሲጠየቅ እውነቱን አይናገርም። እኔም አልተናገርኩም። ሆሳዕና በማስተምርበት ትምህርት ቤት ለጠየቀኝ ሁሉ "ኩንታል ድንች ሳነሳ ነው" እያልኩ አዘኔታ ስሰበስብ ከረምኩ። ከእናንተ ግን ምን እደብቃለሁ... ያነሳሁት ካልሲ ነው። ያውም አንድ እግር። ጎንበስ አልኩ፣ ወገቤ ቀጭ አለ፣ እንዳጎነበስኩ ቀረሁ። ባለቤቴ አስቴር ደርሳ እንደ ታጣፊ አልጋ ቀስ አድርጋ ዘረጋችኝ።

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ረጋ ያለች ወጣት ናት። "ተኝተው መክረም የለብዎትም፣ መምህር። በየቀኑ ቀስ ብለው ይራመዱ፤ ጠዋት ጠዋት ደግሞ ይቺን ይሥሩ" ብላ አሳየችኝ። ተንበርክኮ ተረከዝ ላይ መቀመጥ፣ ግንባርን ወለል ማስነካት፣ እጆችን ወደ ፊት መዘርጋት። "አሥር ጊዜ በረጅሙ ይተንፍሱና ይነሱ። ከባሰብዎት ያቁሙ፤ እልህ አያስፈልግም።"

ቅዳሜ ጠዋት አስቴር ገበያ እንደወጣች ሳሎን ምንጣፍ ላይ ተደፋሁ። አራተኛው ትንፋሽ ላይ ወገቤ ሲሳብ እንባዬ መጣና "ኦ ጌታዬ" ብዬ አቃሰትኩ። በዚህ መሃል በሩ ተከፈተ።

አማቴ ናቸው። ሳይደውሉ፣ በጠዋት መኪና ከሺንሺቾ ተነስተው መጡ። እኚህ ሴት በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ቤተ ክርስቲያን የኋላ ወንበር ላይ ሳንቀላፋ እንጂ ስጸልይ አይተውኝ አያውቁም። አሁን ግን ግንባሬ መሬት ነክቷል። ዘንቢላቸውን አስቀመጡና አጠገቤ ተንበረከኩ።

ሌላ ጊዜ ከጌታ ጋር የሚነጋገሩት በከምባትኛ ነው። እኔ ሀዲያው እንድከተላቸው ይመስለኛል፣ የዚያን ቀን በአማርኛ ጀመሩ።

"ጌታ ሆይ፣ ይህ ሰው ልጄን ሲጠይቅ ልቤ እንዳልወደደው አንተ ታውቃለህ። ሰነፍ ነው ብዬህ ነበር።"

ምን ልበል? "አሜን" አልኩ።

"ልጄ ልብስ ስታጥብ እሱ ኳስ ያያል ብዬህ ነበር።"

"አሜን።"

"ዛሬ ግን በእንባ ተደፍቶ አገኘሁት።"

አሥረኛው ትንፋሽ ካለፈ ቆይቷል። የሰው ጸሎት አቋርጦ መነሳት ደግሞ ነውር ነው። በመጨረሻ ሲጨርሱ ትከሻዬን ያዝ አድርገው፣ "ልጄ፣ ክፉ አስቤብህ ነበር። ይቅር በለኝ" አሉኝ። እስከዚያ ቀን ድረስ "መምህሩ" እንጂ ልጄ ብለውኝ አያውቁም። እውነቱን ለማንም ላልናገር ወሰንኩ።

ውሳኔዬ የቆየው አስቴር ከገበያ እስክትመለስ ነው። እናቷን አገላብጣ ሳመችና ወደ እኔ ዞራ፣ "ስፖርትህን ጨረስክ?" አለችኝ።

"የምን ስፖርት?" አሉ አማቴ።

"የወገብ ነው፣ እማማ። ሐኪም አዞልኝ ነው" አልኩ ወለል ወለሉን እያየሁ።

"ታዲያ ስፖርት ከሆነ ለምንድነው አሜን ስትለኝ የነበረው?"

"ስጀምረው ስፖርት ነበር። ልብስ አጠባው ላይ ሲደርሱ ግን ንስሐ ሆነብኝ።"

"ስሜን መልሰው ወደ መምህሩ ሊለውጡት ነው" ብዬ ስፈራ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። እየሳቁ ነበር። ስቀው ሲያበቁ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩ።

"እኔም ዕድሜ ልኬን እንሰት ስፍቅ ወገቤ አልቋል። ና እስቲ አሳየኝ፣ ልጄ።"

ሁለት ሳምንት ከረሙ። በየጠዋቱ ጎን ለጎን ተደፍተን እንሠራለን። እኔ ትንፋሽ እቆጥራለሁ፤ እሳቸው "በከንቱ ከምደፋ" ብለው ይጸልያሉ። ከልጅ ልጆቻቸው ይነሱና የሺንሺቾን ጎረቤት በየስሙ አዳርሰው፣ በዱራሜ ዘመዶቻቸው በኩል ዞረው ይመለሳሉ። እሳቸው አሜን ሳይሉ ደግሞ እኔ አልነሳም።

ወገቤ ድኗል። ሰኞ ባለሙያዋ ዘንድ ቀጠሮ ይዣለሁ፤ ለጉልበቴ።