ንፋስ ጨምርላት

ሰዑድ፦ መኪና እንደ ሰው አይደለችም፣ አያ። ንፋስ ትወዳለች።

ኑርሁሴን፦ ንፋስ የሚወድ ፍጥረት የለም። እኔ ከውጫሌ እዚህ ድረስ መስኮት ዘግቼ ነው የመጣሁት። አንዱ ተሳፋሪ ጣት በምታህል ቢከፍተው ጎኔን ወግቶኝ እስካሁን አልለቀቀኝም።

ሰዑድ፦ ያ የሚኒባስ ንፋስ ነው። ይሄ የቱርቦ ንፋስ ነው።

ኑርሁሴን፦ ንፋስም ዘር አለው እንዴ?

(ሰዑድ መፍቻውን ኪሱ ከትቶ የመኪናዋን ኮፈን ከፍ ያደርጋል። ኑርሁሴን ገዝቶ የመጣውን ዓሣ መሬት አስቀምጦ አንገቱን ያሰግጋል።)

ጭቅጭቁ ከተጀመረ ግማሽ ሰዓት ሆኖታል። ቦታው ሐይቅ ከተማ ዳር፣ ከውሃው ትንሽ ፈንጠር ብሎ ያለው የሰዑድ እናት ግቢ ነው። ሰዑድ ስድስት ዓመት ጅዳ ሠርቶ የተመለሰ ጎረምሳ ነው። መኪናዋ ስዊድን ሰራሽ አሮጌ ቱርቦ ናት፤ በዕድሜ ባለቤቷን ትበልጠዋለች። ኮምቦልቻ አንድ ግቢ ውስጥ ቆማ ዶሮ ሰፍሮባት አግኝቶ ነው የገዛት፤ ከወንበሯ ሥር አሁንም ላባ ይወጣል።

አያ ኑርሁሴን ደግሞ ዓሣ ሊገዛ የመጣ አልፎ ሂያጅ መስሎ ነው ግቢ የገባው። ስሜ አብዱልመናን ነው ብሏል፤ ውሸት ነው፣ አብዱልመናን ጎረቤቱ ነው። እውነቱ ሌላ ነው። ባለፈው ዓርብ የሰዑድ ሽማግሌዎች ውጫሌ ወጥተው የኑርሁሴንን ወንድም የሀምዱን ልጅ ሰሚሃን ለጋብቻ ጠይቀዋል። ልጁን የተጠየቀ አባት ደግሞ በዚያው ቀን እሺ ካለ ያስንቀዋል፤ «እስቲ እናጣራ» ብሎ መሸኘት አለበት። የማጣራቱ ሥራ ለኑርሁሴን ወደቀ።

ስለ ልጁ የተሰማው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ መኪና አለው፣ መኪናዋም ቱርቦ ናት። የውጫሌን ዳገት የሚያውቅ ሰው ለምን እንደፈሩ አይጠይቅም። ኑርሁሴን ሰሚሃን ከሦስት ዓመቷ ጀምሮ አዝሎ ያሳደገ አጎት ነው፤ ከገዛ ልጆቹ አብልጦ ይወዳታል። ለችኩል ሰጥቷት ከገደል ሥር ሊለቅማት አይፈልግም። ስለዚህ ሞኝ መስሎ ሊመረምረው ቆረጠ፤ ሞኝ ፊት አፉን የማይከፍት ሰው የለምና። ሞኝ መምሰሉ እንዳሰበው አልከበደውም።

ኑርሁሴን፦ እስቲ ከመጀመሪያው አስረዳኝ። ይቺ ቀንድ አውጣ የመሰለችው ብረት ናት ቱርቦ?

ሰዑድ፦ እሷ ናት፣ አያ አብዱልመናን። ሞተሩ የሚያወጣው ጭስ በሷ ውስጥ ሲያልፍ መዘውሯን ያሽከረክራታል። እሷ ስትሽከረከር ከውጭ ንፋስ ሰብስባ ለሞተሩ ታጎርሰዋለች።

ኑርሁሴን፦ ያወጣውን መልሶ ይበላል? ይሄማ ሐራም ነው።

ሰዑድ፦ ጭሱን አይበላም። ጭሱ እንደ ወፍጮ ውሃ ነው፤ ወፍጮውን ያዞራል እንጂ ዱቄቱ ውስጥ አይገባም።

ኑርሁሴን፦ እንደሱ በለኝ። ታዲያ ንፋስ የጎረሰ ሞተር ሆዱ አይነፋም?

ሰዑድ፦ ይበረታል። ንፋሱ ሲበዛ ብዙ ቤንዚን ይነዳል፣ ቤንዚኑ ሲነድ ጉልበት ይመጣል። ይቺ ስትሠራ መቶ ሃምሳ ፈረስ ነበራት።

ኑርሁሴን፦ ፈረስ መሆናቸውን ያየ አለ?

ሰዑድ፦ ወረቀቷ ላይ ተጽፏል።

ኑርሁሴን፦ ወረቀት ላይማ ምን የማይጻፍ አለ። በቅሎ ቢሆኑስ? መቶ ሃምሳ ፈረስ ያለው ሰው ሌላ ፈረስ ፍለጋ መፍቻ ይዞ አይጎነበስም።

ሰዑድ፦ ፈረስ በቃኝ አይባልም፣ አያ። ይቺን ዘንግ ይዩዋት፣ ጫፏ ላይ ብሎን አለች። ሲያጠብቋት ንፋሱ ይጨምራል፣ ሲፈቷት ይቀንሳል። ጅዳ እያለሁ እንዲህ ዓይነት መኪና ያለው ሁሉ እኔን ሳያማክር ብሎን አይነካም ነበር።

ኑርሁሴን፦ መካኒክ ነበርክ?

ሰዑድ፦ መኪና አጣቢ ነበርኩ። መካኒክ የተበላሸውን ብቻ ነው የሚያይ፤ አጣቢ ሁሉንም ያያል።

(ኑርሁሴን እጁን ወደ ኋላ አድርጎ አንድ ጣቱን ያጥፋል። አንደኛ ጥፋት፦ ጉረኛ።)

ኑርሁሴን፦ ብሎኗን ካጠበቅሃት በኋላ ሌላ የምትነካው አለ?

ሰዑድ፦ ሁለት ነገር። አንደኛ፣ የጭስ ማውጫዋን አሰፋዋለሁ፤ ጠቧት ነው የምትታፈን። ያኔ ከዚህ ስትነሣ ግሸን ላይ ትሰማለች።

ኑርሁሴን፦ የግሸን ተሳላሚ ምን በደለህ?

ሰዑድ፦ ሁለተኛ፣ ንፋሱን አቀዘቅዘዋለሁ። ቀዝቃዛ ንፋስ ጉልበቱ ይበልጣል።

ኑርሁሴን፦ ንፋሱ አልበቃ ብሎ ብርድ ጨመርክባት? ልጄ፣ ይቺ መኪና ዓርብ ሳይደርስ ሳምባ ምች ይዟት ትሞታለች። እኔ ብሆን ጋቢ ነው የምደርብላት።

ሰዑድ፦ ወላሂ አትሞትም።

ኑርሁሴን፦ እሺ፣ ሁሉንም አደረግህላት እንበል። ምን ያህል ትሮጣለች?

ሰዑድ፦ እሱን አላውቅም። የፍጥነት መቁጠሪያዋ ተሰብሯል።

ኑርሁሴን፦ ታዲያ መብዛቱን በምን ታውቀዋለህ?

ሰዑድ፦ ጎኔ የተቀመጠው ሰው ዱዓ ሲጀምር በዝቷል ማለት ነው።

(ሁለተኛው ጣት ታጠፈ።)

ኑርሁሴን፦ ስማኝ ልጄ። ፈረስ ዳገት ሲያቅተው ጭነት ይቀነስለታል እንጂ በአፍንጫው ንፋስ አይነፉበትም።

ሰዑድ፦ የኔ ጭነት የሚቀነስ አይደለም፣ አያ። ሙሽራ ናት፣ ኢንሻአላህ።

ኑርሁሴን፦ ሙሽራዋን የት ልታስቀምጣት ነው? ከፊት ነው ከኋላ?

ሰዑድ፦ መሪው ላይ።

ኑርሁሴን፦ ልትነዳ?

ሰዑድ፦ ከኔ እንደምትሻል ነግራኛለች። እኔ ጎኗ ተቀምጬ ዱዓ አደርጋለሁ።

ለዚህ ኑርሁሴን የሚያጥፈው ጣት ቸገረው። ሰሚሃ በሰባት ዓመቷ የሱን ፈረስ ሰርቃ እስከ ገበያው ድረስ ጋልባ ነበር። ያን ቀን እየተቆጣ በሆዱ የሳቀውን ሳቅ አሁን መልሶ ሊስቀው ደረሰ። ቶሎ ብሎ ፊቱን አኮሳተረና መኪናዋን ቀረብ ብሎ ማየት እንደሚፈልግ ተናገረ። ሰዑድ ቁልፉን ዘረጋለት።

ሰዑድ፦ አንቱ ነድተው ያውቃሉ?

ኑርሁሴን፦ በጎረምሳነቴ የእርሻ ትራክተር ነድቻለሁ።

ሰዑድ፦ እንግዲያው ቢስሚላህ ይበሉ። መንገድ አንወጣም፤ ይሄ የውሃው ዳር ሜዳ ይበቃናል። ማርሹን ሁለት ላይ ይተዉት፣ ከዚያ እንዳያሳልፉ።

ኑርሁሴን መሪውን የጨበጠው ለሥራው ሲል ነው፤ የመኪናዋን ክፋት በገዛ እግሩ ረግጦ ሊያረጋግጥ። ነዳጁን ጫን ሲያደርግ ሞተሩ አጓራ፣ ቱርቦዋም የማሽላ ወፍ እንደሚያባርር ሰው አፏጨች። ሜዳውን አንድ ጊዜ ዞረው ሲመለሱ የሥራው ነገር ከልቡ ወጥቶ ነበር።

ኑርሁሴን፦ ፉጨቷ ምንድን ነው?

ሰዑድ፦ ንፋስ ስትጎርስ ነው።

ኑርሁሴን፦ የጎረሰችው ትንሽ ነው። ጨምርላት።

ሰዑድ፦ ንፋስ ጎኔን ወጋኝ አላሉም?

ኑርሁሴን፦ እሱ የሚኒባስ ነው። ይሄ የቱርቦ ነው።

(ሰዑድ ይወርዳል። ኮፈኑ ሥር ገብቶ በመፍቻው ሲያዞር ይሰማል። ሁለተኛ ዙር።)

ኑርሁሴን፦ ማሻአላህ፣ አሁን ገና መኪና ሆነች። ስንት ፈረስ ደረስን?

ሰዑድ፦ ስንት ይመስልዎታል?

ኑርሁሴን፦ ሁለት መቶ አያንሱም። በቅሎ የለበትም፤ በቅሎ እንዲህ አትሄድም። መስኮቱን ክፈትልኝ።

ሰዑድ፦ ብርዱስ?

ኑርሁሴን፦ ክፈተው አልኩህ። ጨምርላትም።

(ሰዑድ እንደገና ወርዶ ያዞራል። ሦስተኛ ዙር። የኑርሁሴን ጥምጣም ተፈትቶ ግማሹ በመስኮት ወጥቷል። ከኋላቸው የመጣ ብስክሌት ደወሉን አሰምቶ ያልፋቸዋል።)

ኑርሁሴን፦ ያ ብስክሌት አለፈን እኮ።

ሰዑድ፦ አለፈን።

ኑርሁሴን፦ ቱርቦ አስገጥሞ ነው። ብስክሌት ላይም ይገጠማል?

ሰዑድ፦ አላህ ያውቃል።

(ውሃ የጫነች አህያ በጎናቸው ትደርሳለች፤ ጥቂት አብራቸው ሄዳ ትቀድማለች።)

ኑርሁሴን፦ የሐይቅ አህያ እንዲህ ሯጭ መሆኗን አላውቅም ነበር። ጨምርላት፣ እንዳታሳፍረን።

ሰዑድ፦ ይበቃናል፣ አያ።

ኑርሁሴን፦ አንዴ ብቻ። ማርሽ ሦስት ላስገባና የውጫሌን ዳገት እንሞክርባት።

ሰዑድ፦ ዳገቱ ላይ መታጠፊያ አለ።

ኑርሁሴን፦ እኔን ስለ መታጠፊያው ትነግረኛለህ? ገደሉ በግራ ነው። ወደ ግራ ካላየህ ገደል የለም።

ሰዑድ፦ ሰው ያልቃል።

ኑርሁሴን፦ የፈራ ይውረድ።

(ሰዑድ እጁን ሰድዶ ሞተሩን ያጠፋል። ቁልፉን ነቅሎ ኪሱ ይከታል።)

ሰዑድ፦ አልወርድም። ቁልፉን ግን አልሰጥዎትም፣ አያ ኑርሁሴን።

ኑርሁሴን መጀመሪያ ስሙን ሰማ፤ ቀጥሎ ራሱ ሲናገር የቆየውን አንድ በአንድ ሰማ። ለሰሚሃ የፈራላትን ያን ገደል፣ ካላየኸው የለም ያለው እሱ ነው። ሲያጥፋቸው የነበሩትን ጣቶች መሪው ላይ አያቸውና ከልቡ አፈረ።

ኑርሁሴን፦ ስሜን ማን ነገረህ?

ሰዑድ፦ ሰሚሃ። ገና ሚኒባስ ሳይሳፈሩ ደወለችልኝ። «አጎቴ ሊፈትንህ እየመጣ ነው። አትከራከረው፤ ቁልፉን ስጠውና ራሱን ይፈትን» አለችኝ።

ኑርሁሴን፦ ሞኝ ልመስል መጥቼ፣ ሆኜ ልመለስ ነው በለኛ። አንተም ግን ከኔ አትሻልም። ጨምር ባልኩህ ቁጥር ብሎኗን ስታጠብቅልኝ ውለህ፣ ያን ሁሉ ፈረስ ይዤ ውሃው ውስጥ ብገባስ?

ሰዑድ፦ መች አጠበቅኋት? በየዙሩ ስፈታት ነበር።

ኑርሁሴን፦ ስትፈታት?

ሰዑድ፦ የድሮው ባለቤቷ ከልክ በላይ አጥብቋት ነው ያገኘኋት። ጠዋት መፍቻ ይዤ ሲደርሱብኝ ልፈታት ነበር የተነሣሁት። አንቱ «ንፋስ ልትጨምርላት ነው?» ሲሉኝ ዝም ብዬ እሺ አልኩ። ያ ዳገት እኮ ሰሚሃ የምትወጣበት ነው። ስትነዳም፣ ስነዳም፣ ቀስ ብሎ ነው የሚወጣው።

ኑርሁሴን፦ ሁለት መቶውስ ፈረስ?

ሰዑድ፦ አሁን መቶም አይሞሉ። ብስክሌቱ ቱርቦ የለውም፣ አያ። አህያዋም የላትም።

(የኑርሁሴን ስልክ ይጠራል። የሰሚሃ አባት ሀምዱ ነው፤ ከጠዋት ጀምሮ ወሬ ሲጠብቅ ውሏል።)

ሀምዱ፦ የት ገብተህ ቀረህ አንተ ሰው? አጣራህ?

ኑርሁሴን፦ አልሐምዱሊላህ፣ አጣራሁ።

ሀምዱ፦ ልጁ ችኩል ነው ወይስ አእምሮ አለው?

ኑርሁሴን፦ አእምሮ አለው። ችኩሉ ሌላ ነው።

ሀምዱ፦ ሌላ ደግሞ ማን አለ እዚያ?

(ኑርሁሴን ጥምጣሙን ከመስኮቱ እየሳበ፣ የሰዑድን የቁልፍ ኪስ በዓይኑ ይሰርቃል።)

ኑርሁሴን፦ ሰሚሃን ስጠው፣ ሀምዱ። የመኪናዋን ቁልፍ ግን፣ እግራችሁ ላይ ወድቄ ብለምናችሁም፣ ለኔ እንዳትሰጡኝ።