የሌለው ሳሎን ምስክሮች

ሰው የሚኖርበት ንጹሕ ሳሎን አይቼ አላውቅም። ንጹሕ ሳሎን ካያችሁ ወይ እንግዳ እየተጠበቀ ነው፣ ወይ ባልና ሚስቱ ተኳርፈው ማንም እዚያ መቀመጥ አልፈለገም። አትቆጡኝ፤ እርጅና ይዞኝ የምለፈልፍ አይምሰላችሁ። ጉዳዩ ሀዋሳ ድረስ አስኬዶኛል።

ልጄ ምሕረት ከዩኒቨርሲቲ የተመረቀችው በቤት ንድፍ ነው። ቤቱ ሳይሠራ ውስጡ ምን እንደሚመስል በኮምፒውተር ታሳያለች። ሶፋው አለ፣ መብራቱ አለ፣ ምንጣፉ አለ... ቤቱ ብቻ የለም። እኔ ዕድሜዬን የፈጀሁት ኮንጋ ቡና ማጠቢያ በጥበቃነት ነው። የምጠብቀው ነገር ሁልጊዜ ያለ ነገር ስለነበር ይሄ ሥራ ቶሎ አልገባኝም።

ተመርቃ ዲላ እኛ ጋ ቁጭ ብላ ሥራ ስትጠብቅ ክረምትና በጋ ተፈራረቁባት። በመጨረሻ ሀዋሳ ያለ አንድ የንድፍ ቢሮ፣ «አንድ ሳሎን ሠርተሽ ላኪልን፤ ፎቶ እስኪመስል ድረስ ይሁን። ከወደድነው እንቀጥርሻለን» አላት። ይሄ ካመለጣት ሌላው መቼ እንደሚመጣ እግዜር ይወቅ። ቤተሰቡ በሙሉ ለአንድ ሥዕል ጸሎት ያዘ።

ሠርታ አሳየችኝ። ነጭ ሶፋ፣ ፊት የሚያሳይ ወለል፣ ጠረጴዛው ላይ አንድ ብርቱካን።

«እንዴት ነው አባዬ?»

«ያምራል። ሰዎቹ የት ሄዱ?»

«የትኞቹ ሰዎች?»

«ባለቤቶቹ ናቸዋ። ለቀው ነው ወይስ ለቅሶ ቤት ናቸው?»

ልጅቷ ከፋት። እናቷ ወርቅነሽ ከጓዳ ወጥታ መነጽሬን ከዓይኔ ላይ አንሥታ አየችና፣ «ብርቱካኑ ለምን አንድ ሆነ? እንግዳ ሁለት ሆኖ ቢመጣስ?» አለች።

ምሕረት ተነፈሰች። «እሺ፣ የእውነት እንዲመስል ምን ልጨምርበት?»

ወገኖቼ፣ እንዲህ ያለ ጥያቄ ለሁለት ሥራ ፈት ሽማግሌዎች አይቀርብም።

እኔ በሩ ጋ ቀይ ጭቃ አስደረግሁ፤ ዲላ ውስጥ ጭቃ ሳይዝ ቤት የሚገባ ወፍ ብቻ ነው። ሶፋው ላይ ጭንቅላት የሚያርፍበትን ቦታ በቅባት አስጠቆርኩ። ኮርኒሱ ላይ ዝናብ ያፈሰሰበት ቢጫ እድፍ አስጨመርኩ፣ ከግድግዳው ሶኬት እስከ ቴሌቪዥኑ ድረስ የዲቫይደር ገመድ አስጎተትኩ። ወርቅነሽ ደግሞ ዕድሜዋን ሙሉ የተመኘችውን ቡፌ አስገባች፤ ቴሌቪዥኑን ዳንቴል አለበሰችው፤ መስኮቱ ላይ አበባ ያለበት መጋረጃ ሰቀለች። «ብርጭቆዎቹ ላይ አቧራ አድርጊባቸው» አለችና ትንሽ አስባ፣ «ብዙ አይሁን፤ ሰው ያየዋል» አለች።

ቀጥላ፣ «ዶሮዋስ?» አለች።

«እማዬ፣ ሳሎን ውስጥ ዶሮ?»

«እዚህ ቤት የት ነው የምትውለው ታዲያ?»

ምሕረት ከኢንተርኔት አንዲት ዶሮ አወረደች። ነጭ፣ ወፍራም፣ እግሯ የታጠበ። ወርቅነሽ ገና ስታያት፣ «ይቺ የፈረንጅ ናት፤ ከሶፋ ሥር መግባት እንኳ አታውቅም» ብላ መለሰቻት። ዶሮዋ ከሳች፣ ገብስማ ተቀባች፣ ግማሽ አካሏ ሶፋው ሥር ገባ።

ከዚያ ሬንደር የሚሉት ነገር መጣ። ኮምፒውተሩ የታዘዘውን ሁሉ እያሰበ ሥዕሉን ቀስ በቀስ የሚያወጣበት ነው። ሲያስብ እንደ ወፍጮ ይጮኻል። «መብራቱ እንዳይዳከም የኤሌክትሪክ ምድጃ አትሰኩ» ተባልንና ቀኑን ሙሉ ቆሎ ስንቆረጥም ዋልን። ሊያልቅ ሲል መብራት ሄደ። እንደገና ተጀመረ፤ እንደገና ቆሎ። ብቻ ሲወጣ... ምን ልበላችሁ፣ እኔ ራሴ ዶሮዋን «እሽ» ብያታለሁ።

ተላከ። በማግሥቱ የቢሮው ኃላፊ ደወለ፤ ሁላችንም እንድንሰማ ምሕረት ስልኩን ላውድ ላይ አደረገችው።

«እህቴ፣ እኛ የጠየቅንሽ በኮምፒውተር የተሠራ ነው። አንቺ የሰው ቤት ፎቶ አንሥተሽ ነው የላክሽው።»

«ኧረ ሠርቼው ነው!»

«ፎቶ ስታነሺ እንኳ ዶሮዋን ብታስወጪያት ምን ነበረበት?»

ስልኩን ከልጄ ተቀበልኳት።

«ልጄ፣ አባቷ ነኝ። ይሄ ቤት የለም።»

«ታዲያ እርስዎ የት ሆነው ነው የሚያወሩት?»

«ሌላው ቤት ውስጥ።»

ይሄኔ የእኛዋ ዶሮ፣ እውነተኛዋ፣ እንቁላል ጥላ ኖሮ ሰፈሩን በጩኸት አናጋችው።

«አባቴ፣ ዶሮዋ እየተሰማችኝ እኮ ነው» አለና ዘጋው።

ምሕረት ስሟ በውሸታምነት ሊቀር ነው። እኛ ደግሞ አንድ ነገር ሲበላሽ የምናውቀው መድኃኒት አንድ ነው፤ ሽማግሌ መላክ። «አባዬ፣ ቢሮ ሽማግሌ አይላክም» ብላ ለመነችኝ። አልሰማኋትም። የእድራችንን ዳኛ ያዝኩ። ቀጥሎ ጎረቤታችንን ባለ ጨርቅ ሱቁን ጋሽ ሸምሱን ጨመርኩ፤ እኛ ጴንጤዎች ስለማንምል የሚምልልን ሰው ያስፈልግ ነበር። አባት ለገዛ ልጁ ሽማግሌ እንደማይሆን ባውቅም፣ ጋብቻ አይደለም ብዬ ራሴን ሦስተኛ አደረግሁ። ምሕረት ኮምፒውተሯን አቅፋ፣ የማታውቀን መስላ፣ ከኋላችን ተከተለች።

ቢሮው ስንደርስ ኃላፊው መነጽር ያደረገ ለጋ ወጣት ነው። ጋቢያችንን አየና ብድግ አለ።

«አባቶቼ፣ ተቀመጡ እንጂ።»

«ጉዳያችን ሳይመለስ አንቀመጥም» አለ የእድሩ ዳኛ።

ሠራተኛው ሁሉ ሥራውን ትቶ ቆመ። ወጣቱ አንዴ እኛን፣ አንዴ ምሕረትን አየና ላብ አጠመቀው።

«እኔ... እኔ እኮ ያገባሁ ነኝ።»

«እንኳን አገባህ። የመጣነው ስለ ሳሎኑ ነው» አልኩት።

ጋሽ ሸምሱ ወደ ፊት ወጣ። «ወላሂ፣ ያ ቤት የለም! የዚህ ሰውዬ ቤት ጭቃ ነው። ሶፋ የሚባል ነገር አልገባበትም። አንድ ወንበር አለው፣ እሱም ይወጋል።»

«ቡፌውስ?» አለ ወጣቱ።

«ምን ቡፌ አለው! ብርጭቆ ሲቸግረው የሚዋሰው ከእኔ ነው።»

«ሸምሱ፣ ይበቃል» አልኩ በቀስታ።

«ምስክርነት አይሸረፍም» አለና ስለ ጣሪያዬ ቀጠለ። ለልጄ ሥራ ስል ድህነቴ ቢሮ ሙሉ ሰው ፊት በመሐላ ተረጋገጠ።

ወጣቱ አሁንም አላመነም። ምሕረት ይሄን ጊዜ እፍረቷን ዋጥ አድርጋ ኮምፒውተሩን ከፈተችና ሳሎኑን አዞረችው። ከኋላው ግድግዳው እንደ ወረቀት ስስ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ምንም የለም። ጣቷን ስታንቀሳቅስ ጣሪያው ተነሥቶ ሄደ። የእድሩ ዳኛ ሳያስበው የገዛ ባርኔጣውን ያዘ። ወጣቱ ወንበሩን ስቦ አጠገቧ ተቀመጠና ጭቃውን እንዴት እንደሠራችው ጠየቃት። ነገረችው። ሌላ ጠየቃት። ሁለቱም እኛን ረሱን። እኛ ግን እንደቆምን ነን፤ ቃል ወጥቷልና መቀመጥ አይቻልም።

በመጨረሻ ቀና አለና፣ «ሰኞ ትጀምር» አለ። ከሦስታችን ማን ቀድሞ እንደተቀመጠ አላስታውስም።

ነገሩ ግን አላለቀም። ምሕረት ሥራ ከያዘች በኋላ ወርቅነሽ፣ «እንግዲህ ያን ሳሎን ሥሩልኝ» አለች።

«እንዴት አድርጌ? ሦስት ሽማግሌ ሀዋሳ ድረስ ሄዶ ቤቱ የለም ብሎ መሰከረ፤ አንዱ ደግሞ ምሎበታል። አሁን ብሠራው ሸምሱ በሐሰት የማለ መሆኑ አይደል?»

አኮረፈች። ለጋሽ ሸምሱ ነገሩን ላዋየው ሱቁ ሄድኩ። እስከ መጨረሻው ሰማኝ። ከዚያ ተነሥቶ መሰላሉ ላይ ወጣ፣ አንድ ጥቅል ጨርቅ አወረደና ባንኮው ላይ ዘረጋው።

«መጋረጃው ከተቀየረ ሌላ ቤት ነው» አለኝ። «መሐላው አይነካም።»