ጋሼ ደምለውና የማያልቀው የሲና በረሃ

አንድ ጊዜ ባሕር ተሻግሮ የተመለሰ ጎልማሳ የሌለበት ከተማ ካለ የታደለ ከተማ ነው፤ ነዋሪዎቹ የጀመሩትን ወሬ ይጨርሳሉ። ብቸና ይህን አልታደለችም። ብቸና ጋሼ ደምለው አሏት።

ክቡር ጋሼ ደምለው፣ የሞጣ ተወላጅ፣ የታሪክ መምህር፣ የፒራሚዶች ጎረቤትና የበረሃዎች ሁሉ ባለአደራ፣ በሃምሳ ስድስት ዓመታቸው ከተሳላሚዎች ጋር በግብፅ በኩል ኢየሩሳሌም ደርሰው መጡ። ጉዞው አሥራ ዘጠኝ ቀን ፈጀ። ወሬው ሦስተኛ ዓመቱን ይዟል።

ጎረቤታቸው ይርጋነሽ ብዙ አይታለች። የሞጣው አውቶቡስ ጭቃ ይዞት ተሳፋሪው ሁሉ ሲገፋ፣ ጋሼ ደምለው ዳር ቆመው የሲና ሾፌሮች አሸዋ ላይ ጎማ እንዴት እንደሚያስተነፍሱ ያስረዱ ነበር። ልቅሶ ቤት ገብተው ደግሞ ፈርዖኖች ሬሳ ሳይበሰብስ እንዴት ያቆዩ እንደነበር ለሟች ሚስት በዝርዝር ነግረዋል። "በዓይኔ ያየሁትን ነው የምነግራችሁ" ይላሉ፣ ማንም ሳይጠራጠራቸው።

በመድኃኒት ጠርሙስ ያመጡትን የሲና አሸዋ የሰፈሩ ሴቶች እምነት መስሏቸው ግንባራቸውን ሊቀቡ ተሰለፉ። ጋሼ ግን ውሸት አይችሉም፤ አውቶቡሱ ጎማ ሊቀይር በቆመበት የዘገኑት አሸዋ መሆኑን ለእያንዳንዷ አስረዱ። ፈንታነሽ የምትባል ሴት "ቢሆንም ይቀቡኝ" አለች። ራስ ምታቷ እንደተሻላት እስከ ዛሬ ትናገራለች።

እሳቸውን የሚችሏቸው የሞጣው ነጋዴ ሐጂ አብዱልዋሂድ ብቻ ናቸው። ጋሼ አንድ በረሃ ሲያነሡ ሐጂ የዐረፋን ሙቀት ያነሣሉ፤ በክረምት ዝናብ በሐጂ ሱቅ ደጃፍ ተቀምጠው ስለ ውሃ ጥም ሲያወሩ ይውላሉ።

ይርጋነሽ ጋሼን ከሩቅ ስታይ መንገድ ትቀይር ነበር፤ እናቷ እማማ ወለተ ገብርኤል ወድቀው፣ ዳሌያቸው ተሰብሮ አልጋ ላይ እስኪቀሩ ድረስ። አሮጊቷ ዕድሜያቸውን ሙሉ የተመኙት ኢየሩሳሌምን መሳለም ነበር። "በይ ደምለውን ጥሪልኝ" አሏት። "እሱ ይውሰደኝ።"

ጋሼ በየእሑዱ ከቅዳሴ መልስ ይመጡ ጀመር። ጉዞው በወሬ ከብቸና መናኸሪያ ተነሣ። አዲስ አበባ ለመድረስ ብቻ ሦስት እሑድ ፈጀ፤ ትንሽ ነገር ከተዘለለ እማማ ይቆጣሉና። ግብፅ ገብተው ኤል አላሜን ሲደርሱ ጋሼ እዚያ ካለው የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወታደሮች መቃብር ላይ በደብተር የገለበጧቸውን ስሞች አነበቡ። እማማ ዓይናቸውን ጨፍነው ለእያንዳንዱ ነፍስ ይማር ሲሉ ቆዩና ጣሊያንም እንዳለበት ጠየቁ። አባታቸው አርበኛ ነበሩ። ጋሼ ደምለው ደብተሩን ከደን አድርገው መኖሩን ተናገሩ።

"አንብባቸው" አሉ እማማ። "እነሱም እናት አላቸው።"

ከዚያ ሲና ገቡና ቀሩ። ሁዳዴ ተጋመሰ። የእማማ ትንፋሽ እያጠረ ሄደ፤ ሐኪሙም ልባቸው እየደከመ መሆኑን ለይርጋነሽ ነገራት። ጋሼ ግን ስድስተኛ እሑዳቸውን እዚያው በረሃ ውስጥ ስለ ግመል ኮቴ ይተነትናሉ። በሰባተኛው እሑድ ይርጋነሽ በር ላይ አስቆመቻቸው።

"ጋሼ፣ ኧረ በእመብርሃን ያስገቧት። ኢየሩሳሌምን ሳታይ ልትሞትብኝ ነው።"

ጋሼ ደምለው መሬት መሬት አዩ።

"ከገቡ በኋላ ምን ይጠብቃሉ ብዬ ነው፣ ይርጋ። ደረስኩ ብለው ቢሄዱብንስ? እኛ ሲና ላይ የቆየነው አንድ ቀን ተኩል ነው። የቀረውን እኔ ነኝ የጨመርኩት።"

ይርጋነሽ ሦስት ዓመት የሸሸቻቸውን ሰው እጃቸውን ያዘች።

ከውስጥ ድምፅ መጣ። የተሰበረው የእማማ ዳሌ እንጂ ጆሯቸው አልነበረም።

"ደምለው፣ ግመሉን ተወውና አስገባኝ። መመለሻውም እኮ መንገድ ነው።"

ጋሼ ገቡ። ፀሐይ ሳትዘቀዝቅ የጎልጎታን ደጅ አሳለሟቸው። እማማ አለቀሱ፣ አመሰገኑ፣ ውሃ ጠጡ። ከዚያ በየት በኩል ቢመለሱ እንደሚሻል ጠየቁ።

ጋሼ ሳይመልሱ ይርጋነሽ ቀደመቻቸው። በርጩማዋን ወደ አልጋው ሳበችና፣

"በረዥሙ ይውሰዱን፣ ጋሼ" አለች።