የለቅሶ ቤቱ ዲፕሎማት

ለቅሶ ቤት ተቀምጦ የዓለምን ጠብ የሚያበርድ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኛ ጋ፣ ቡሬ ከተማ፣ ጋሽ አለኸኝ የሚባሉ አሉ። ታላቅ ወንድሜን ከቀበርን ወዲህ እኔ ቃል አልተነፈስኩም፤ እህልም አልቀመስኩም። እሳቸው ግን አጠገቤ ተቀምጠው ስለ አንድ የሩቅ አገር የቀድሞ ፕሬዚዳንት ያወራሉ። ሰውየው አገሩ ላይ ተከሶ ጎረቤት አገር ተጠግቷል። ጎረቤቱም አሳልፌ አልሰጥም በማለቱ አምባሳደሮች ተባረዋል።

«ሽማግሌ ሳይልኩ አምባሳደር ማባረር ምን የሚሉት ነው?» አሉ ጋሽ አለኸኝ ተቆጥተው። «ከጅጋ ሦስት ሽማግሌ፣ ከገበዝ ማርያም መስቀል የያዘ አንድ ቄስ ይበቃቸው ነበር!»

እውነት ይበቃ ይሆን? ነገሩ ከነከነኝ።

«ሰውየው ክርስቲያን ካልሆነስ፣ ጋሼ?» አልኩ ሳላስበው።

የድንኳኑ ሰው ሁሉ ቀና ብሎ አየኝ። ጋሽ አለኸኝ ፕሬዚዳንቱን እዚያው ስደት ላይ ትተው ወደ እናቴ ዞሩ።

«እትዬ ደብሬ፣ ልጁ ተናገረ! እህል አቅርቡለት፣ ቶሎ!»