ሰላምታና ፍሪሲዮን

የመኪና ጠላቱ አቀበት ነው፣ ጭቃ ነው ሲባል ትሰሙ ይሆናል። አትመኑ። የመኪና ጠላቱ የሾፌሩ ግራ እግር ነው። ቀኝ እግር ሥራ አለው፤ ነዳጅ ይሰጣል፣ ፍሬን ይይዛል። ግራ እግር ግን ማርሽ እስኪቀየር ድረስ ሥራ ፈት ነው፤ ሥራ ፈት ደግሞ የሚደገፍበት አያጣም። ፍሪሲዮን ላይ ይንተራሳል። ፍሪሲዮኑ እየተፋተገ ይሳሳና አንድ ቀን መንገድ ላይ ሲነድ፣ ሾፌሩ "ዕድሌ ነው" ይላል። ዕድል ምን አደረገችው?

ይህን የምለው ከመሬት ተነሥቼ አይደለም። ጄኖቫ በምትባል፣ ሜዳ ባልተፈጠረላት የጣሊያን ከተማ፣ የሰው አገር አሮጊቶችን በመኪና ሐኪም ቤት ሳመላልስ ነው እኔም ያረጀሁት። ፍሪሲዮን፣ ማርሽ፣ ፍሬን የሚሉትን ቃላት ከጣሊያን ተቀብለን፣ አጠቃቀሙን እዚያው ትተነዋል። ፎገራ ከተመለስኩ ወዲህ ይህን ላገኘሁት ሁሉ እናገራለሁ። የሚጋብዘኝ ሰው ያነሰውም ለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

ከቀሩኝ ጥቂት ታጋሾች አንዱ የወንድሜ ልጅ ጌትነት ነው። እዚሁ ፎገራ፣ ቁሐር ሚካኤል በሚባል ቀበሌ ሩዝ ያመርታል፤ የራሱንም የጎረቤቶቹንም ሩዝ በአሮጌ ፒካፕ ወረታ ያደርሳል። መጀመሪያ አብሬው የተሳፈርኩ ቀን ጉዱን አየሁት። ልጁ መንገድ ላይ ሽማግሌ ሲያገኝ አይቆምም፤ አያልፍምም። መቆም ሽማግሌውን ከመንገዳቸው ማስተጓጎል ነው፤ ማለፍ ደግሞ ጥጋብ። ስለዚህ አንደኛ ማርሽ ላይ፣ ፍሪሲዮኑን እስከ ግማሽ ረግጦ፣ መኪናዋን በሰው እርምጃ ከጎናቸው ያስኬዳታል። "እንደምን አደሩ አያ? ከብቱ ደኅና? ሩዙስ ውኃ በዛበት?" አያም እየተራመዱ ይመልሳሉ። ሞተሩ ያጓራል፣ የሚቃጠል ነገር ይሸታል፤ በመጨረሻ አያ ራሳቸው "ሂድ ልጄ፣ ይቺ ነገርህ ቸኩላለች" ብለው ያሰናብቱታል። ጥቂት እንደሄድን ሌላ ሽማግሌ።

"አንተ ልጅ፣ ይኸ ሰላምታ ነው ወይስ ጥብስ?" አልኩት። "ምን ላድርግ እትየ? እኔ ተቀምጬ እሳቸውን ላስቁማቸው?" አለኝ። አዎ፣ አስቁማቸው አልኩት። ማርሹን ዜሮ አስገባ፣ የእጅ ፍሬን ያዝ፣ እግርህን አንሣ። ወሬው የሚረዝም ከሆነም ሞተሩን አጥፋ፤ ናፍጣ እንደ ጠበል ተሰልፈህ አይደል የምትቀዳው?

ደግነቱ ልጁ ይሰማል። ፍሪሲዮን ሲረገጥ እስከ ወለሉ፣ ሲለቀቅ በዝግታ። ማርሹ ከገባ በኋላ ግራ እግር ቦታው ወለሉ ላይ ነው። የማርሽ ዘንግ የእጅ ምርኩዝ አይደለም። አቀበት ላይ መኪና የሚያዘው በእጅ ፍሬን እንጂ በፍሪሲዮን አይደለም። ሁሉንም ያዘ። የተማረ ይግደለኝ ይባል የለ?

ታዲያ ይህ ልጅ ትርንጎ የምትባል የይፋግ ልጅ ወዶ እንቅልፍ አጥቷል። እሷም አልጠላችውም። አባቷ ይፋግ ገበያ እህል የሚነግዱ ቁርጥ ያሉ ሰው ናቸው። "ሁለት ወገን ሽማግሌ ሊልክብኝ ነው አሉ። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ቤቴ ነኝ። ደጅ ማስጠናት አልወድም፤ ቀድሞ ለደረሰው ቃሌን እሰጣለሁ" ብለው ላኩበት።

እሑድ አባንና ሁለት ጎረቤቶችን ጭነን ተነሣን። አባ የነፍስ አባታችን ናቸው፤ ቀድሰው መውጣታቸው ነው። ሙሽራ የራሱን ሽማግሌ ጭኖ አይሄድም፣ ሴትም ሽማግሌ ሆና አትላክም፤ ግን ሌላ ሾፌር አልተገኘም፣ እኔም የሄድኩት ለፍሪሲዮኑ ነው።

ገና ከቁሐር ሳንወጣ አንድ አዛውንት ደጃቸው ላይ ቆመው አገኘን። ጌትነት እንዳስተማርኩት አደረገ፦ ዜሮ፣ የእጅ ፍሬን፣ ሞተር ጠፋ። ጸጥ አለ። አዛውንቱ ጸጥታውን ሰሙት። ሞተር አጥፍቶ ደጅ ላይ የቆመ ሰው ምንድን ነው? እንግዳ ነዋ! "ከመጣችሁማ ግቡ! ላሚቱ ወልዳ እንገር አለ" አሉ። መንገደኞች ነን ለማለት አፋችንን ሳንከፍት አባ ወርደው ነበር።

ቀጥሎ የቆምንበት ቤት ሐዘን ላይ ነበር፤ ሐዘን ቤት ደጅ ሞተር አጥፍቶ አለመግባት እንዴት ይቻላል? ወረታ መውጫ ላይ ደግሞ የአንደኛው ጎረቤታችን ምራት "ምን በድለን ነው ከደጅ የምትመለሱት?" ብላ ጠላ ቀዳች። ጌትነት ፀሐይዋን ቀና ብሎ አየና "እትየ፣ የቀሩትን እንደ ድሮዬ በግማሽ ፍሪሲዮን ብናልፋቸውስ?" አለኝ። በፍጹም! አልኩት።

ለካ ያ የሞተር ጩኸት አነጋገር ኖሯል። "አክብሬዎታለሁ፣ ግን ቸኩያለሁ" ማለት ከአፍ ሲወጣ ነውር ነው፤ ፍሪሲዮኑ እየነደደ ይናገርለት ነበር። ይህ የገባኝ የርብን ወንዝ ከተሻገርን በኋላ ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይላሉ፤ የዚያን ቀን ከእንቁላሉ ጋር ብንሽቀዳደም እሱ ይቀድመን ነበር።

ይፋግ ስንደርስ ትርንጎ ቤት ደጅ ሌላ ፒካፕ ቆሟል። ሽታውን ከሩቅ አወቅሁት። "የዚህ ሾፌር ከቤቱ እስከዚህ ድረስ እግሩን ከፍሪሲዮን አላነሣም" አልኩ፣ ደስ እያለኝ። ወዲያው ከውስጥ እልልታ ተሰማ።

አባትየው ወጡና የአባን መስቀል ተሳልመው "ዘገያችሁ፤ ቃሌን ሰጠሁ" አሉ። ጌትነት መሪውን እንደጨበጠ ቀረ። ሰውዬው ግን አልጨረሱም። "የእንግዶቼ መኪና ፍሪሲዮኑ ነዶ አልንቀሳቀስ ብሏል። የእናንተ ደኅና ከሆነ፣ በእግዜር ስም፣ እስከ ወረታ ብትጎትቱልኝ?" በእግዜር ስም የለመነን ሽማግሌ እምቢ ማለት በኛ አገር አይቻልም።

በገመድ አሰርናቸው። ጌትነት ፍሪሲዮኑን እስከ ወለሉ ረገጠ፣ አንደኛ አስገባ፣ ገመዱ እስኪወጠር ቀስ ብሎ ለቀቀ። መኪናዋ አልነጠረችም፣ ሞተሩም አልጠፋም። በሕይወቴ እንደዚያ ያማረ አነሣስ አላየሁም፤ ነገርኩትም። እሱ የኋላ ማሳያ መስተዋቱን ወደ ጣሪያው አዞረው።

ከኋላችን የሌላው ሙሽራ ሽማግሌዎች እያጨበጨቡ ይዘፍናሉ። በመንገዱ ዳር ከቆመው ሰው መካከል ደግሞ አንድም "ግቡ" ያለን አልነበረም። ሰርገኞች መስለናቸው፣ ለጌትነት እልል እያሉ አሳለፉን።