እትዬ እገዳ ቤት ሲያጣሩ

ማንኛውም ቤተሰብ፣ ሀብታምም ይሁን ድሃ፣ አንድ አጣሪ ይመደብለታል። ማን እንደሚመድበው አላውቅም፤ ባውቅ ኖሮ ቢሮው ድረስ ሄጄ አቤት እል ነበር።

አጣሪ ማለት፣ እናንተ ልትገዙት ያሰባችሁትን ቤት መስኮት እየከፈታችሁና እየዘጋችሁ «አልጋው እዚህ ጋ ይሆናል» ስትሉ፣ እሱ ደጅ ቀርቶ መንገደኛውን «ይሄ ቤት ድሮ የማን ነበር?» እያለ የሚያስቆም ሰው ነው። ለቅሶ ቤት እንኳ አያርፍም። አንገቱን ደፍቶ ወዲያ ወዲህ ሲል ሐዘን የጎዳው መስሏችሁ ብትጠጉት፣ ግቢውን በእርምጃ እየለካ ታገኙታላችሁ።

ለእኛ ቤተሰብ የደረሱት የባለቤቴ አክስት ናቸው። ወላጆቻቸው ያወጡላቸውን ስም የሚያነሳ የለም፤ ሁላችንም እትዬ እገዳ ነው የምንላቸው። እገዳ፣ እድለኛ ሆናችሁ ላልገጠማችሁ፣ አንድ ቤት እንዳይሸጥ እንዳይለወጥ መዝገብ ላይ የሚቆለፍበት ቁልፍ ነው። ስሙን ያወጣላቸው አንድ የተማረረ ደላላ ነው ይባላል። ሊሰድባቸው ነበር፤ እሳቸው ግን እንደ ማዕረግ ተቀበሉት። አሁን ስልክ ሲያነሱ «አቤት፣ እገዳ ነኝ» ይላሉ።

ክብርት እትዬ እገዳ አጭር ናቸው፤ ቦርሳቸው ግን ረጅም ነው። ውስጡ የግንበኛ ሜትር፣ አጉሊ መነጽር፣ ወረፋ ሲረዝም የሚቀመጡበት ታጣፊ ወንበር፣ እና ከረሜላ አለ። ከረሜላው ለመዝገብ ቤት ሠራተኞች ነው። «ጉቦ እንዳይመስልህ፤ ብዙ ስለማስለፈልፋቸው ጉሮሯቸው እንዳይደርቅ ነው» ይላሉ።

የማያውቃቸው ሰው ሁሉ፣ አንድ ጊዜ ክፉኛ ተጭበርብረው መሆን አለበት ብሎ ያዝንላቸዋል። እኔም አዝኜ ጠይቄያቸው ነበር።

«እኔን?» አሉ፣ እንደ ተሰደበ ሰው ቀና ብለው። «እኔን ማን አባቱ ነው የሚያጭበረብረኝ!»

እውነታቸውን ነው። እሳቸውን ማጭበርበር ይቅርና፣ በቅንነት የሚሸጥላቸው ሰው እንኳ እስካሁን አልተሳካለትም። ምክንያቱም ለዓለም ሁሉ አንድ ጥያቄ ነው ያላቸው፤ «ከሱ በፊትስ?»

ያገለገለ ማቀዝቀዣ ስንገዛ ባለቤቱን ይዘው ቆሙ። «የማን ነበር?» «የእኔ ነው እማማ።» «ከአንተ በፊትስ?» «ከሱቅ ነው የገዛሁት።» «ከሱቁ በፊትስ?» ምስኪኑ ሰውዬ ፋብሪካው በር ድረስ ደርሶ፣ ላብ በላብ ሆኖ ተመለሰ። የባለቤቴ ታናሽ እህት እጮኛዋን ልታስተዋውቀን ያመጣችው ዕለትማ፣ ልጁ ገና ኮቱን ሳያወልቅ «ዕዳና እገዳ አለብህ?» አሉት። «የለብኝም እትዬ» አለ፣ እየሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። «ከእሷ በፊትስ?» ልጁ እስከ ዛሬ ድረስ እኛ ቤት ሲመጣ በሩ አጠገብ ነው የሚቀመጠው።

እንግዲህ እኔና ባለቤቴ ቤት ለመግዛት የወሰንነው እንዲህ ያለ አክስት እያለን ነው። ወደን አይደለም። አከራያችን ልጃቸውን ሊድሩ ስለሆነ ቤቱን እንድንለቅላቸው ጠየቁን። ጨዋ ሰው ናቸው፣ አልገፉንም። ብቻ ሙሽራዋ በየጠዋቱ ትመጣና፣ እኛ ቁርስ እየበላን የመኝታ ቤታችንን መስኮት ለመጋረጃ ትለካለች። «አትነሱ፣ አትነሱ» ትላለች፣ በእኛ ወንበር ላይ ቆማ።

ደላላችን አይዞህ ቤት አገኘልን። ስሙ አይደለም፤ ለምንም ጥያቄ «አይዞህ» ብሎ ስለሚመልስ ያወጣንለት ነው። ቤቱ ትንሽ ናት፣ መንገዱ ሲታጠፍ እሷም አብራ የታጠፈች የምትመስል። ባለቤቴ ማድ ቤት ገባች፣ መስኮቱን ከፈተች፣ እጇን ወደ ውጭ ዘርግታ ከጓሮው ዛፍ አንድ ሎሚ ቀጠፈች፣ አሸተተችው። ምንም አላለችም። ባለቤቴ ምንም ካላለች ነገሩ አልቋል ማለት ነው።

እትዬ እገዳን ጠራናቸው። መጡ። ግን አልገቡም።

«ይግቡ እንጂ እመቤት!» አሉ ሻጩ፤ ጡረታ የወጡ የጥርስ ሐኪም ናቸው።

«ካርታውን ሳላይ ደጃፍ አልረግጥም። ቤቱን ከማን ገዙት?»

«ከአንድ ነጋዴ።»

«ከነጋዴው በፊትስ?»

«የ… የአንዲት ባልቴት ነበር መሰለኝ።»

«ባልቴቷ ልጆች ነበሯት? ሁሉም ፈርመዋል?»

«ኧረ እመቤት፣ እኔ የጥርስ ሐኪም ነኝ!»

«ታዲያ ጥርስ ሲነቅሉ ሥሩን አያዩም?»

ሐኪሙ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ፤ በሙያቸው የለመዱት የሌላውን ሰው ማስከፈት ነበር።

የሆነው ሆኖ ቀብድ ሰጥተን የመጀመሪያውን ውል ተፈራረምን። የቀረው ማጣራቱ ነው፤ ከዚያ ስም ይዛወራል፣ ሙሽራዋም መጋረጃዋን በሰላም ትሰቅላለች። እኔና ባለቤቴ ሥራ ስለማይለቀን፣ ባለቤቴ ለአክስቷ ውክልና ሰጠቻቸው። ለእትዬ እገዳ ውክልና መስጠት ለሕፃን ከበሮ ገዝቶ እንደ መስጠት ነው። ጩኸቱን እንጂ ማቆሚያውን አታገኙትም።

በማግስቱ መልሱ መጣ፦ ቤቱን ባንክ አልያዘውም፣ ፍርድ ቤት አላገደውም፣ የተወዘፈ ግብር የለበትም። ተቃቅፈን ልንጨፍር ስንል እትዬ ታጣፊ ወንበራቸውን አንስተው ወደ በሩ አመሩ። «የት ነው?» አልኳቸው። «መዝገብ ቤት ነዋ! ትናንት ንጹህ ነበር፤ ዛሬስ?»

በየቀኑ ሄዱ። በመስኮቱ የምታስተናግደው ሠራተኛ፣ ገና ከሩቅ ስታያቸው ብዕር የወደቀባት መስላ ጠረጴዛ ሥር ትገባ ጀመር። እትዬም ጎንበስ ብለው «ልጄ፣ አገኘሽው?» እያሉ እስክትወጣ ይጠብቃሉ። ከዚያ ደግሞ የባልቴቷን ልጆች በየተበተኑበት አሳደው ያዟቸው፤ አንዷን ዳቦ ቤት፣ አንዱን አውቶቡስ ሲነዳ። «በዚያ ቤት ላይ መብት አለኝ ትላለህ?» አሉት ሹፌሩን፣ ከኋላው ወንበር ሆነው። ሰውየው ፈጽሞ አስቦት አያውቅም ነበር። እሳቸው ሲወርዱ ግን ማሰብ ጀመረ፤ ሐሳቡን ለማስጣልና የለኝም ብሎ እንዲፈርም ለማድረግ ያንኑ መስመር ደጋግመው መሳፈር ግድ ሆነባቸው።

እኛ ቤት በበኩሉ መጋረጃው ተሰፍቶ አለቀ። ቀይ ነው። አንድ ቀን ከሥራ ስንመለስ ተሰቅሎ አገኘነው። አልጋችን ላይ ተቀምጠን ተያየን።

«እንሂድና እናዛውረው» አለች ባለቤቴ በሹክሹክታ።

«እትዬስ?»

«አንነግራቸውም።»

በማግስቱ እኔ፣ ባለቤቴ፣ ሐኪሙና አይዞህ መዝገብ ቤቱ መስኮት ላይ ቀረብን። ልቤ እንደ ሌባ ይመታል። ሠራተኛዋ የቤቱን ቁጥር ጻፈች፣ አየች፣ እና ፈገግ አለች።

«ቤቱ ታግዷል።»

«እንዴት ይታገዳል! ማን ነው ያሳገደው?»

ስሙን አነበበችልን። አላወቅኩትም፤ በሕይወቴ ሰምቼው የማላውቅ ስም ነው። ባለቤቴ ግን ግንባሯን መስኮቱ ላይ ደገፈች። «አክስቴ ናቸው» አለች። ውሉንና ውክልናውን ይዘው መጥተው፣ «ማጣራቴን እስክጨርስ ይህ ቤት ለማንም እንዳይዛወር» ብለው አመልክተዋል። ለእኛም ጭምር ማለት ነው። ያመለከተው ሰው ራሱ መጥቶ ካልፈረመ ደግሞ አይነሳም።

ደሜ ፈላ። በዓለም ላይ ያለ ቤት ሁሉ የሚታገደው በጠላት ነው፤ የእኛ በአክስት! ይህን ጮክ ብዬ ልናገር አፌን ስከፍት ሠራተኛዋ ወደ ሐኪሙ ዞረች።

«እርስዎስ ባለፈው ነግሬዎት አልነበረም እንዴ ዶክተር? ከሌላኛው ገዢ ጋር የመጡ ዕለት?»

ሐኪሙ ጣሪያውን አዩ። እኔ አይዞህን አየሁት።

«አይዞህ» አለኝ፣ ወደ ደረጃው እያፈገፈገ።

ለካ ደላላው የተሻለ ዋጋ የሚከፍል ሰው አምጥቶላቸው፣ እኛ መጋረጃ ስናይ እነሱ ቤታችንን ሊያዛውሩት መጥተው ኖሯል። የመለሳቸው የእትዬ ቁልፍ ነው። ሐኪሙ ከዚያ በኋላ እንደ ታካሚ ገራም ሆኑ፤ ፈርሙ ያልናቸውን ሁሉ ሊፈርሙ ቆሙ። አሁን የቀረን ቁልፉን የያዙትን ሴትዮ መጥራት ነው።

እትዬ እገዳ መጡ፣ ወንበራቸውን ዘርግተው ተቀመጡ። ይቅርታ ጠየቅናቸው። አመሰገንናቸው። እጃቸውን ሳምኩ።

«ጥሩ» አሉ። «ግን አላነሳም።»

«ለምን?!»

«አልጨረስኩማ! የጓሮውን አጥር አልለካሁም። ጎረቤትየው አላስገባ ብለውኛል።»

ባለቤቴ ተንበርክካ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠች። «እትዬ፣ መጋረጃዋን ሰቅላዋለች እኮ። ቀይ ነው።» የቀሚሳቸውን ጫፍ ያዘች። «አጥሩ ይቅርብኝ። በሞቴ፣ ስለዚያ አጥር ሁለተኛ አያንሱብኝ።»

እትዬ «እሺ» አሉ። ከዚያ ተነሥተው ፈረሙ፤ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ነገር ሳይለኩ ተዉ።

ቤታችን ገባን። እትዬ አንድ እሁድ መጡ። ለጓሮው ጀርባቸውን ሰጥተው ተቀመጡ፣ ውኃ ጠጡ፣ ቃላቸውን ጠብቀው ስለ አጥሩ ምንም ሳይተነፍሱ ሄዱ። ከዚያ ቀሩ። ብንጠራቸውም «ቤቱ ንጹህ ነው፤ እኔ ምን እሠራለሁ?» ይላሉ።

ተገላገለ ብላችሁ ነበር? እኔም ለራሴ ብዬ ነበር። አንድ ቀን ያገለገለ ወንበር ገዝቼ ገባሁ። የማን ነበር ያለኝ የለም። ተቀመጥኩበት፤ አልተመቸኝም። ተነሥቼ እግሩን አየሁ፣ ገልብጬ ሥሩን አየሁ፣ እንደገና ተቀመጥኩ። ቤቱ ዝም ብሏል። ባለቤቴ እንዳትሰማኝ ወደ ውጭ ወጥቼ ስልክ ደወልኩ።

«አቤት፣ እገዳ ነኝ።»

«እትዬ፣ ይሄ አጥር… ጎረቤታችን ወደ እኛ የገፋው ይመስለኛል።»

ውሸቴን ነው። አጥሩን ከገባሁ ጀምሮ ልብ ብዬ አይቼው አላውቅም። በወዲያኛው ጫፍ የቦርሳ ዚፕ ድምፅ ተሰማኝ።

«ምንም ነገር እንዳትነካ። መጣሁ።»

ሜትሩን አፋቸው ውስጥ ይዘው በጉልበታቸው እየዳሁ፣ ካርታውን በአጉሊ መነጽር እያዩ፣ ከሎሚው ዛፍ ሥር ገቡ። ባለቤቴ በማድ ቤቱ መስኮት ብቅ ብላ «ማነው እትዬን የጠራ?» ስትል እኔ የጫማዬን ክር ማሰር ጀመርኩ። እትዬ ሲወጡ ፊታቸው እንደ ሙሽራ በርቷል።

«ተገፍቷል!» አሉ።

«ተገፍቷል?» ደነገጥኩ። «ጎረቤትየው…»

«የምን ጎረቤት! የተገፋው ወደ እሳቸው ነው። መሬታቸውን የያዝነው እኛ ነን። ሎሚውም የእሳቸው ነው።»

«ቀስ ይበሉ፣ ይሰማሉ…» ከማለቴ አጥሩን በሁለት እጃቸው ይደበድቡት ጀመር። «ጌታዬ! ኧረ ጌታዬ! ይውጡ፣ መሬትዎን ወስደንብዎታል!»

ጎረቤታችን፣ ሰላምታችንን በጉርምርምታ ብቻ የሚመልሱት አኩራፊ ሰውዬ፣ ለጠብ ተዘጋጅተው ወጡ። መሬት ሊመልስላቸው የሚጮህ ሰው ግን በዕድሜያቸው አጋጥሟቸው አያውቅም፤ በየት በኩል እንደሚቆጡ ጠፋባቸው። ባለቤቴ መስኮቱ ላይ እንደቆመች ናት፤ ዓይኗ ሎሚው ላይ ነው፣ ምንም አላለችም።

እትዬም አዩዋት። ወደ ሰውየው ዞሩ።

«አጥሩን እንመልሳለን። ዛፉ የእርስዎ ነው። እነዚህ ልጆች ግን ቤቱን የገዙት ይህን ሎሚ አሽትተው ነው። ወደ መስኮቱ የደረሰውን የመልቀም መብት ይስጧቸው። በቃል አይደለም፣ በመዝገብ። ነገ ቢሸጡት እንኳ ገዢው ይህን አውቆ ይግዛ።»

ሰውየው ራሳቸውን አከኩ። «ይሁን እንግዲህ» አሉ፤ የመጀመሪያው ግልጽ ቃላቸው ነበር። «እኔ ደግሞ የዶክተሩ ሥራ መስሎኝ ስንት ዓመት ሳኮርፋቸው ኖርኩ! ለካ አጥሩን ያጠሩት እሳቸው አይደሉም፤ አሁን ትዝ አለኝ፤ ከእሳቸው በፊት የነበረው ነጋዴ ነው።»

«ከሱ በፊትስ?» የሚል ድምፅ ሰማሁ።

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። እትዬ እገዳ ቦርሳቸውን ከፈቱና ከረሜላ አውጥተው መዳፌ ላይ አኖሩልኝ።