አቶ ቆዩ እና ቀጭኑ ገመድ

በየቤተሰቡ ሰው ዕቃ ሊገዛ ሲነሳ እጁን የሚይዝ አንድ አማካሪ አለ። የሌለው ቤተሰብ ካለ ገና አልተሟላም ማለት ነው። እሱን ሳያማክር መርፌ የገዛ ሰው መርፌዋ እስክትሰበር ይወቀሳል፤ ስትሰበር ደግሞ «ብዬ ነበር» ይባላል።

የዚህ ወገን አለቃ የአንዲት ፀጉር ሠሪ አጎት ነበሩ። የእናቷ ታናሽ ወንድም ናቸው። ከዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛነት ጡረታ ከወጡ ወዲህ ሙሉ ጊዜያቸውን ለምክር ሰጥተዋል። የምክራቸው መግቢያ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ቆዪ፣ አትግዢ።» ለወንድ ከሆነ «ቆይ፣ አትግዛ»፣ ለባልና ሚስት ከሆነ «ቆዩ፣ አትግዙ»። ስለዚህ ዘመድ ሁሉ በፊታቸው «ጋሼ» ይላቸዋል፣ ዞር ሲሉ «አቶ ቆዩ»።

ክቡር አቶ ቆዩ ያስቆዩት ዕቃ ብዙ ነው። አንድ የወንድማቸው ልጅ ሚስት ሲያገባ የአልጋውን ስፕሪንግ ለማጥናት ጊዜ ጠየቁ። ሙሽሮቹ መሬት ላይ ሲጠብቁ ልጅ ወለዱ፤ ያኔ ደግሞ ጥናቱ የልጅ አልጋንም እንዲጨምር ተደረገ። ፀጉር ሠሪዋ ራሷ በክረምት ጃንጥላ ልትገዛ ብትል ስለ ዘንጉ ብረት ሲያስረዷት፣ ሲያስረዷት፣ ፀሐይ ወጣ። «ይኸው» አሉ፣ «አላስፈለገሽም።»

የካሴቷ ነገር ግን እንደ ጃንጥላው አልነበረም።

ካሴቷ የክብሪት ቤት የምታክል የቪዲዮ ካሴት ናት። ውስጧ ያለችው የፀጉር ሠሪዋ እናት ናት። እናቷ ከሞተች ዓመታት አልፈዋል፤ በሕይወት ሳለችም ካሜራ ባየች ቁጥር ጀርባዋን የምትሰጥ ሴት ነበረች። የተቀረጸችው አንድ ቀን ብቻ ነው፣ እሱም አቶ ቆዩ ያኔ አዲስ የነበረውን ካሜራቸውን ሊሞክሩ እህታቸው ወጥ ቤት ድረስ ገብተው።

ልጇ መልኳን አልረሳችም። ድምጿ ግን እየጠፋባት ነው። አንድ ቀን የደንበኛ ፀጉር እያጠበች «እናቴ እንዲህ ትል ነበር» ብላ ጀመረች። ቃሉ መጣላት፣ ድምፁ አልመጣም። ውሃው በደንበኛዋ አንገት ቁልቁል ፈሰሰ።

ካሜራው ደግሞ አርጅቷል። ስክሪኑ ጨልሟል፣ ካሴት መብላትም ጀምሯል። ሐሳቧ ካሜራው ሳይበላት ካሴቷን ወደ ኮምፒውተር ገልብጣ፣ የማይረባውን ቆርጣ ጥላ፣ የእናቷን ድምፅ ብቻ ማስቀረት ነበር። የማይረባው ምን እንደሆነም ታውቃለች። ድሮ አንዴ ሲታይ ከካሜራው ጀርባ አጎቷ ያለ እረፍት ሲለፈልፉ ሰምታ ተናድዳ ነበር።

ከኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ሆና ደወለች። ሻጩ ቀይ፣ ነጭና ቢጫ ጫፍ ያለው ሽቦ የሚሰካባት፣ ከካሜራ ወደ ኮምፒውተር የምትገለብጥ ትንሽ ዕቃ አሳይቷታል።

«ቆዪ፣ አትግዢ።»

«ጋሼ፣ ሻጩ ይሠራል ብሎኛል።»

«ማን አይሠራም አለ? ስሚኝ። ካሴቷ ላይ ሥዕሉም ድምፁም የተጻፈው በቁጥር ነው። ባለ ሦስት ቀለሙ ቁጥሩን ሥዕል ያደርገዋል፤ ያቺ ዕቃ ሥዕሉን መልሳ ቁጥር ታደርገዋለች። የሰው ወሬ በጎረቤት በኩል መስማት በይው። ካሜራው ጎን በሚሰካው በሌላው፣ በቀጭኑ ገመድ ከሄደ ግን ቁጥሩ ራሱ ነው የሚሄደው፣ ቃል በቃል።»

«የቀጭኑ ገመድ መሰኪያ እኮ ኮምፒውተሬ ላይ የለም።»

«ታዲያ ለዚህ አይደል ቆዪ የምልሽ? ያ ካሜራ አንድ ጊዜ ካጫወተልን ተመስገን ነው። ያንን አንድ ጊዜ በጎረቤት ወሬ ልትጨርሺው ነው?»

ዕቃዋን ለሻጩ መለሰችለት። ቆየች።

አቶ ቆዩ በየሱቁ ዞሩ። የሚያስፈልገው ኮምፒውተሩ ሆድ ውስጥ የሚገባ፣ መሰኪያውን ይዞ የሚመጣ ካርድ ነው። የመጀመሪያውን ካርድ «ቺፑን አላመንኩትም» ብለው መለሱት፤ ሴት ልጃቸውን ሊያጭ የመጣ ጎረምሳ እንኳ እንዲህ አይመረመርም። ሁለተኛው ጥሩ ነበር፣ ሻጩ ግን «በጣም ቸኮለ»። አንዳንድ ባለ ሱቅ ከሩቅ ሲያያቸው ለምሳ ይዘጋ ጀመር፣ ገና በጠዋቱ።

ፀጉር ሠሪዋ ገመዱን ለብቻዋ ገዛች። አጎቷ የደወሉላት ሁለት እጇ ቀለም ውስጥ ሳለ ነው፤ ስልኩን በክርኗ ነክታ ድምፁን ለቀቀችው። ቤቱ በደንበኛ ተሞልቷል።

«ጫፎቹ ምንና ምን ናቸው?» አሉ አቶ ቆዩ።

«አንዱ ወንድ፣ አንዱ ሴት።»

«ወንድና ሴት አይሠራልሽም። መልሺው። አንቺ የሚያስፈልግሽ ሁለት ወንድ ነው።»

የቤቱ ጆሮ ሁሉ ወደ ስልኩ ዞረ። ካስክ ውስጥ የነበረች አንዲት ወፍራም ደንበኛ ማድረቂያውን አጥፍታ አንገቷን አወጣች።

«ሁለት?» አለች ፀጉር ሠሪዋ።

«አንድ ትልቅ፣ አንድ ትንሽ። ሁለቱም ወንድ።»

«እኔ አንዱን አጥቼ» አለች ደንበኛዋ። «እባክሽ የኚህን አጎት ስልክ ስጪኝ።»

«ትልቁ ለኮምፒውተሩ ነው፣ ትንሹ ለካሜራው» አሉ አቶ ቆዩ፣ ምን እንዳስነሱ ሳያውቁ። ደንበኛዋ «ውይ፣ ገመድ ነው እንዴ» ብላ አዝና ወደ ካስኳ ተመለሰች።

በመጨረሻ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ካርዱን በመሐረብ ጠቅልለው መጡ። ኮምፒውተሩን ከፍተው ካርዱን ሰኩ፣ ትልቁን ወንድ ከዚህ፣ ትንሹን ከዚያ። ካሜራው አጉረመረመና መዞር ጀመረ።

«ድምፁን አጥፊው» አሉ።

«ለምን?»

«ኮምፒውተሩ ይጨናነቃል።»

እንዲህ ያለ ነገር እንደሌለ እሷም ታውቃለች። ቀና ብላ አየቻቸው፤ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው የሻምፖ ጠርሙስ ጽሑፍ ያነባሉ። ጠርሙሱ የተገለበጠ ነበር። ድምፁን አጠፋችው።

ካሜራው ካሴቷን እስከ መጨረሻው አጫወተና በላት። የተቆራረጠው ክር ከሆዱ ሲወጣ አቶ ቆዩ «ባለ ሦስት ቀለሙን ገዝተሽ ቢሆን» ብቻ ብለው ኮታቸውን ለበሱ። እሷም ለመጀመሪያ ጊዜ አልተናደደችም።

በማግስቱ ድምፁን ከፍታ ለመቁረጥ ተቀመጠች። እናቷ አዲስ ምድጃ ፊት ቆማ ፊቷን በእጇ ሸፍናለች።

«ይህን ምድጃ ማን ግዢ አለሽ?» ይላል የአጎቷ የጎልማሳነት ድምፅ።

«አንተን ጠይቄ ጥሬ ልብላ?»

ድምፁ መጣ። ውፍረቱ፣ መጨረሻ ላይ የሚሰነጠቀው ሳቅ፣ ሁሉም። ፀጉር ሠሪዋ መቁረጡን ትታ ሦስቴ ደጋገመችው።

«መክፈቻውን እኮ በግራ ነው ያደረጉት።»

«ግራ እጄ መቼ ሰነፈ?»

ከዚያ ሥራዋን ጀመረች። የአጎቷን ድምፅ ከያለበት እየለቀመች ቆረጠች። ጨርሳ ስታየው አንዲት ሴት ባዶ ወጥ ቤት ውስጥ ለሌለ ሰው ትመልሳለች፣ ያለ ምክንያት ትስቃለች። እናቷ ቃል የተናገረችው ሲነዘንዟት ብቻ ነበር። የቆረጠችውን ሁሉ አንድ በአንድ መለሰችው።

መጨረሻው ላይ አጎቷ «ባትሪው ሊያልቅ ነው፣ ላጥፋው» ይላሉ። እናቷ እጇን ከፊቷ አወረደች።

«ቆይ፣ አታጥፋው። ፍሪጅ ልገዛ ነው። የትኛው ይሻለኛል?»

ሥዕሉ እዚያ ላይ ተቋረጠ።

ፀጉር ሠሪዋ ስልኳን አነሳች። «ጋሼ፣ ፊልሙን የማስቀምጥበት ዲስክ ልገዛ ነው። የትኛው ይሻለኛል?»

ዲስኩ ግን አስቀድሞ ተገዝቶ ፊት ለፊቷ ተቀምጧል።

«ቆዪ» አሉ አቶ ቆዩ ጉሮሯቸውን ጠርገው። «አትግዢ። መጀመሪያ ዲስክ ማለት ምን እንደሆነ ላስረዳሽ።»

ዲስኩን መሳቢያ ውስጥ ከተተችና ወንበር ሳበች።